ከማማው ላይ ያነበብኩት

ዛሬ ጠዋት ገለባ የጫነ መኪና በደጃፌ አለፈ። የአዲስ ጤፍ ገለባ ሽታ ደረቅ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ግን ደስ ይላል። አቧራው እስኪበርድ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ድሮ ቢሆን ብድግ ብዬ ወደ ውስጥ እገባ ነበር። አሁን ጉልበቴ እሺ አይለኝም።

የጠባቂ ስም ሁሉ አልፎብኛል፣ ልንገርህ። እዚህ አምቦ የትምህርት ቤት በር ላይ ስቆም ተማሪዎቹ «ጋሼ ጥበቃ» ይሉኝ ነበር። መምህራኑ «ዘበኛው»፣ ከገጠር የሚመጡ ወላጆች «ዋርድያ»። በእኔ ተራ አንዲት ምስማር ጠፍታ አታውቅም። ስንት ዳይሬክተር መጣ፣ ስንቱ ሄደ፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከሁሉም ግን አንድ ስም ነበር የምወደው፤ ጊንጪ ሳለሁ፣ በሃያ ዓመቴ፣ የጓደኛዬ እናት ያወጣችልኝ። «ኢጃ ኬኛ» ትለኝ ነበር። ዓይናችን ማለቷ ነው።

በዚያን ጊዜ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ የተሰበረው ቀኝ እግሬ እንደተጣመመ ስለቀረ ማንም አልፈለገኝም። ስለዚህ የሽምብራ ጠባቂ ሆንኩ። ጊንጪ ላይ ሽምብራ መንገድ ዳር ተዘርቶ ያለ ጠባቂ አይተርፍም፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው እየወረደ እሸቱን ይነቅለዋል። ማማዬ ከአራት ባሕር ዛፍ ምሰሶ የተሠራ ነበር። እዚያ ላይ ስቀመጥ በአንድ በኩል የአምቦን መንገድ፣ በሌላው የጓደኛዬን አጎት አውድማ አያለሁ።

የጤፍ ውቂያ ሲደርስ ጫካ ለጫካ የከረሙት ወጣቶች ለደቦ ተሰበሰቡ። እህሉ አይጠብቅማ። ታዲያ ተስማማን፤ ወታደር የጫነ መኪና ካየሁ ሦስት ጊዜ ጅራፍ አጮሃለሁ፣ እነሱ ወደ ፈፋው ይሮጣሉ። ድምፁ እንዳይምታታ አውድማው ላይ በሬ የሚነዳው በዱላ ብቻ ሆነ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ መጡ፣ ሁለቴም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የጓደኛዬ እናት ከዚያ በኋላ ነው ዓይናችን ያለችኝ። ከልጅ ያላት እሱን ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እወቅልኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንበብ የምችል እኔ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ልብስ ሰፊው ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው የለቀምኩት። አንደኛው ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ እስከ ዛሬ ጽሑፍ ተገልብጦም አነባለሁ። ማማው ላይ ሆኜ ባለፈው መኪና ሁሉ በር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ጓደኛዬ ከታች በመንሹ ገለባ እየበተነ ይቀልድብኛል።

«አንተ ሊቁ! ይሄኛውስ ምን አለ?»

እሱ ይስቃል፣ እኔ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐዩ ገለባው ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ከአዲስ አበባ በኩል ትልቅ መኪና መጣ፤ ጎኑ በሸራ ተሸፍኗል። አውድማው ላይ የነበሩት ድምፁን ሰምተው ቆሙ። ጅራፌን አነሳሁ። ወዲያው በሩ ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍ ታየኝ፤ «የእህል ማመላለሻ»። ጅራፉን መልሼ አስቀመጥኩት።

«የእህል መኪና ነው! አንብቤዋለሁ! ሥራችሁን ሥሩ!»

አጎትየው አላመኑም። «ልጆቼ፣ መኪና መኪና ነው፤ ሽሹ!» አሉ። ፊደል አይቆጥሩም ነበርና ናቅኋቸው። የተወሰኑት እሳቸውን ሰምተው መራመድ ጀመሩ። ጓደኛዬ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እየታየኝ!» አልኩት።

መንሹን ወደ ገለባው መለሰ።

መኪናው ከአውድማው ትይዩ ሲደርስ ቆመ። ሸራው ሲገለጥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ዘለሉ። ጅራፌን አጮህኩት፤ ሦስቴ አይደለም፣ ስንቴ እንደሆነ አላውቅም። የቀሩት ወደ ፈፋው ሮጡ፣ አመለጡም። ጓደኛዬ እስከ ጉልበቱ ገለባ ውስጥ ነበር። እስኪወጣ ደረሱበት።

ሲጭኑት አልሰደበኝም። ከመኪናው ላይ ሆኖ «በሬዎቹን ውኃ አጠጣልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሌላ አላለም። ከማማው ወርጄ እያነከስኩ በሬዎቹን ወንዝ ወሰድኳቸው። ሲጠጡ ቆሜ አየሁ። ቶሎ እንዳይጨርሱ እመኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ እናቱ መሄድ ነበረብኝና።

«ጅራፉ ተበጠሰብኝ» አልኳት።

እጄ ላይ ያለውን ጅራፍ አየችው። ደህና ነበር። «እሺ ልጄ» ብላ ወደ ቤት ገባች። ዓይናችን ብላ ግን ከዚያ ወዲያ አልጠራችኝም።

ዓመታት አለፉ። በሰው ያስጻፈው አንድ ደብዳቤ መጣ፣ አነበብኩላት፤ ደህና ነኝ ይላል። ሌላ አልመጣም። በመጨረሻ መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑት ወታደሮች በእግርም በመኪናም ወደየቤታቸው ጎረፉ። ያን ጊዜ ማንም ሳይልከኝ ጊንጪ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ መቆም ጀመርኩ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። የማላውቀውን ወታደር ሁሉ የጓደኛዬን ስም ጠርቼ ጠየቅሁ። ከመካከላቸው የሚያውቀው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት እናቱ መጣች። አርጅታለች። ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታልኝ ነበር፣ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ መኪና ከሩቅ ብቅ ሲል እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን አጥብቤ በሩ ላይ ያለውን ለማንበብ ስሞክር ክንዴን ያዘችኝ።

«ጽሑፉን ተወው፣ ኢጃ ኬኛ» አለችኝ። «ሰዎቹን እይልኝ።»

አየሁላት። እሱ አልነበረም። እስከ ክረምቱ ድረስ አብረን አየን፤ ከዚያ እኔ ሥራ አግኝቼ ወደ አምቦ መጣሁ፣ እሷም ብዙ አልቆየችም።

ጠዋት ገለባ ጭኖ ያለፈው መኪና በሩ ላይ ምን እንደተጻፈበት ብትጠይቀኝ አላውቅም። ገለባው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ሽበታም ነው። መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ እሱን አየሁት።