ያልወለደች ሴት ገንፎ

ሆዴ ማበጥ የጀመረው አርባ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያኔ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ባሌ መምህር ነው። ልጅ አልወለድንም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሆዴ አንድ ቀንም ጠይቀውኝ አያውቁም። ይጠይቁኝ የነበሩት የማያውቁኝ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የሚያውቀኝ ሰው አፍሮ ዝም ያለውን ነገር መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እንደ ሰላምታ ይወረውርብኝ ነበር።

"ስንት ወርሽ ነው?"

ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቶኝ፣ "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እህቴ፣ አታስቢ" ይለኛል። ቢሮ የመጣ ባለጉዳይ ፋይሉን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሳወርድለት፣ "ኧረ አትንጠራሪ፣ በዚህ ጊዜ ጥሩ አይደለም" ይለኛል። ወፍጮ ቤት ደግሞ ይብስ ነበር። አንድ ቀን ጤፌን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ።

"ድርስ ሴት እንዲህ ትቆማለች? አሳልፏት እንጂ!"

"ግድ የለም፣ ወረፋዬን እጠብቃለሁ" አልኳት።

"ዝም በይ! እኛም ወልደናል።"

እህሌን ከፊት አስቀደሙት። ከኋላ የነበሩት አጉረመረሙ። አንደኛዋ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ "ፀጉሯን አታዩትም? በዚህ ዕድሜ?" አለች።

"ምን አለበት? ሣራስ በስተርጅና አይደል የወለደችው?"

"እንግዲያው አብርሃሟ ጎበዝ ነው!"

ወፍጮው እየጮኸ እንኳ ሳቃቸው ይሰማ ነበር። ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ። "ኧረ አንዳችሁ ሸክሙን አግዟት!" የሚለው ድምፅ እስከ መንገዱ ተከተለኝ።

ሆዴ ውስጥ የነበረው ዕጢ ነው። የማህፀን ዕጢ፤ ሐኪሞቹ ማዮማ ይሉታል። ያየኝ ሐኪም በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት፣ ለዚያም ወልድያ ብሄድ እንደሚሻል ነገረኝ። ማህፀኔም አብሮ ሊወጣ እንደሚችል አልደበቀኝም። "ስንት ልጆች አሉሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የለኝም" አልኩት። እሱ የጠየቀኝ ሥራው ስለሆነ ነው። በእሱ አልተቀየምኩም።

ከባሌ ጋር ተመካክረን ለማንም ላለመናገር ተስማማን። ምክንያት ነበረን። የባሌ አገር ጋዝጊብላ ነው። ወንድሞቹ ለዓመታት "ሌላ አግባ እንጂ፤ ያለ ዘር ልትቀር ነው ወይ?" ሲሉት ኖረዋል። እሱ ይስቃል፤ ወሬ ይለውጣል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናቱ ግን "አግባ" ብለውት አያውቁም። "አታግባ"ም ብለውት አያውቁም። ወንድሞቹ ሲናገሩ እሳቸው ዝም ይላሉ። እኔ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው የእሳቸውን ዝምታ ነበር። ባሌ በወንድሞቹ ሊስቅ ይችላል፤ በእናቱ ላይ ግን አይስቅም። "ማህፀኗ ሊወጣ ነው" ቢባሉ ያ ዝምታ ወዴት እንደሚያዘነብል አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ትዳሬ በእሳቸው አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ መንገደኛ ሁሉ "ስንት ወርሽ ነው?" እያለ የሚጠይቀኝ።

ለማያውቅ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል? ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ዝም እል ነበር። ዝም ስል "አፍራ ነው" ይላሉ። ቀጥሎ "እርጉዝ አይደለሁም" ማለት ጀመርኩ። በእኛ አገር ግን ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ነፍሰ ጡር ሴት የሰው ዓይን ፈርታ ትደብቃለች። ሆዷ በነጠላዋ ላይ ገፍቶ እየታየ እንኳ "ኧረ ምንም የለኝም" ትላለች። ስለዚህ አይደለሁም ባልኩ ቁጥር፣ "ደግ አደረግሽ፣ ደብቂው" ብለው ይጠቅሱኛል። "ታምሜ ነው" ስላቸው ደግሞ ምን በሽታ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ የየትኛውን ደብር ጠበል ሞከርሽ ይሉኛል። አንድ ቀን ለሽንኩርት ሻጭ ስለ ማህፀኔ ሳስረዳ ራሴን አገኘሁት። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

"በክፋት እኮ አይደለም" የሚሉኝ አሉ። ክፉዎች ቢሆኑማ ቀላል ነበር። ክፉ ሰው ይሰደባል። እጁን ዘርግቶ እየመረቀ ለሚያቆስል ሰው ምን ስድብ አለ?

በመጨረሻ የቀረኝ "አሜን" ነበር።

ምርቃት በእኛ ዘንድ አይመለስም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲመርቁ "ይህ አይመለከተኝም" ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ከነውርም በላይ ያስፈራል። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ሲሉኝ "አሜን" እላለሁ። አጭር ነው፤ ጥያቄ አያስከትልም። መራቂው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እሄዳለሁ።

አንድ የገበያ ቀን በርበሬ የሚሸጡ አሮጊት ሰፍረውልኝ ከጨረሱ በኋላ አንድ እፍኝ ጨመሩልኝ።

"ይኼ ለሚመጣው ነው" አሉ። "እመብርሃን በሽልም ታውጣሽ። አቅፈሽው ተመለሺብኝ።"

"አሜን" አልኩ።

ከጎኔ ጨው የምትገዛ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አላውቃትም። እሷ ግን የማን ሚስት እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ለካ የባሌ አገር ሰው ናት። ከአፌ የሰማችው ያቺን አንዲት ቃል ነው። ያችኑ ቃል ከጨው ጋር ቋጥራ ወደ ጋዝጊብላ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ አማቴን በራችን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስከ መኪናው መንገድ በእግራቸው፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት። ከአጠገባቸው አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄት፣ ቅቤ የሞላ ቅልና አንድ ጣሳ ማር ነበር። ለሕፃን አንዲት ክር እንኳ አልያዙም፤ ሳይወለድ ለልጅ ዕቃ አይዘጋጅም። የያዙት የእናትየውን ነው። የገንፎ ነው።

ሲያዩኝ ተነሥተው እልል አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ብቅ አለ።

"እማማ፣ ይግቡ። እባክዎ ውስጥ ይግቡ።"

"ለምን እገባለሁ? እዚሁ እላለሁ! የልጄ ሚስት ሆድ አገር ሲያየው እኔ ከገበያተኛ ልስማ?"

አማቴ ከልጃቸው ጋር በኽምጣንጋ ነው የሚነጋገሩት። እኔ የአምደወርቅ ልጅ ነኝ፤ ቋንቋውን ጥቂት እሰማለሁ እንጂ አልናገረውም። ስለዚህ ለእኔ ሲሉ አማርኛ ይናገራሉ፤ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ። ያን ቀን ግን አልመረጡም።

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

"ልጅ አይደለም" አልኳቸው።

ሳቁ። "ከእኔም ትደብቂዋለሽ? እኔ ቡዳ ነኝ?"

"አልደበቅኩም እማማ። በሽታ ነው።"

"አሜን ብለሻል። ሴትዮዋ በጆሮዋ ሰምታሻለች። ለበሽታ አሜን ይባላል?"

"ታዲያ ምን ልበል?" አልኩ።

በዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮኽኩ። ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለወፍጮ ቤቷ ሴት፣ ለበርበሬ ሻጯ ያልመለስኩት ሁሉ በእሳቸው ላይ ወረደ። "ምን ልበል? አይደለም ስል አታምኑኝ! ታምሜያለሁ ስል አትተዉኝ! አሜን ስል ወሬ ታደርጉኛላችሁ! ሆዴ የመንገድ ዳር ማሳ ነው? ያለፈ ያገደመ ሁሉ ገብቶ የሚረግጠው?" እጃቸውን ያዝኩና ሆዴ ላይ አኖርኩት። "ይዳስሱት! የሚንቀሳቀስ ነገር አለው?"

እጃቸውን አላነሱም። ብዙ ልጅ የወለዱ ሴት ናቸው፤ ቀብረዋልም። ጣቶቻቸው ያን ድንጋይ የመሰለ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

"ልጄ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እኔ ብቻ ነኛ የማላውቀው።"

"ማህፀኔም አብሮ ይወጣል ብለውኛል" አልኳቸው። የፈራሁት ይህን ነበር፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያልኩት። "እንግዲህ ለልጅዎ የሚሉትን ይበሉት።"

ነጠላቸውን አውርደው እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለበሱትና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ያዘኑት ላልነበረ ልጅ ነው። ላልነበረ ልጅ ሐዘን እቤታቸው ድረስ ተሸክማ ያደረሰችላቸው ያቺ ጨው ገዢ ናት። እኔ ያኔ ለሐዘናቸው የሚሆን አንጀት አልነበረኝም። እሳት ሆኜ ነበር።

ማታ ባሌ ገባ። በቋንቋቸው ዝቅ ብለው ተነጋገሩ። ምን እንዳሉት ለመስማት አልቆምኩም። ጓሮ ወጥቼ የደረቀ ልብስ ሰበሰብኩ፤ አጥፌ ስጨርስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት። በማግሥቱ ባሌ፣ "እናቴ፣ ዱቄቱን በመኪና ልመልስልሽ?" ቢላቸው፣ "ዱቄት አይሻግትም፤ ይቀመጥ" አሉት። እሳቸውም አልሄዱም። ስለ እኔና ስለ እሱ ግን ምንም አልተናገሩም። ያው የድሮው ዝምታ ነው፤ አሁን ግን ከእኔ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ገብቷል።

ወልድያ ሄድኩ። ዕጢውም ማህፀኔም ወጣ። ያከሙኝ ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ። ሌላ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ወደ እኔ አልጋ ዞረው፣ "ያንቺስ የታል? ሕፃኑን ወዴት ወሰዱት?" አሉኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ስንመለስ አማቴ ቤቱን ጠርገው፣ አልጋዬን ከመጋረጃ ኋላ አዘጋጅተው ጠበቁን። ነጠላቸውን ወደ ደንቡ መልሰውታል። እንደ አራስ አስተኙኝ። ዱቄቱን አወጡና ገንፎ ማማሰል ጀመሩ።

"እናቴ" አለ ባሌ፣ "ይኼ እኮ የአራስ ነው።"

"ሆዷ አልተቀደደም? ደሟ አልፈሰሰም? የማን ሊሆን ኖሯል ታዲያ?"

ቅቤው ቀልጦ ቤቱን ሽታ ሞላው። ይኼኔ ከበር እልልታ ተሰማ። ያቺ ጨው ገዢ ናት። ገበያ መጥታ ከወልድያ መመለሴን ሰምታ ኖሯል፤ እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች።

"እንኳን ማርያም ማረቻት! ምን ወለደች?"

አማቴ ማማሰያውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። "ወለደች ያለሽ ማነው?"

"ኧረ ሽታው! እስከ መንገድ እኮ ነው የሚጣራው!"

"አፍንጫሽም እንደ ጆሮሽ ነው" አሉ አማቴ። "ሰምተሽ ሳትሽ፤ አሽትተሽም ሳትሽ።"

ሴትዮዋ ክው አለች። "እኔ ደስ ብሎኝ ነው እንጂ በክፋት አይደለም፣ እመቤቴን..."

"በክፋት አይደለም፤ በምላስ ነው። አሁን ስሚኝ። የልጄ ሚስት ታማ ነበር፤ ድናለች። ወሬውን ያደረስሽበትን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ በዚያው ተመለሺ። የነገርሻቸውን ሁሉ እያስቆምሽ 'ተሳስቼ ነበር' በያቸው። የልጄን ወንድሞች ስታገኚ ደግሞ ይህን ጨምሪበት። 'ሚስት አለው፤ ሌላ አይፈልግም፤ ከእንግዲህ በዚህ ነገር አፍ የሚከፍት የለም ብላችኋለች እናታችሁ' በያቸው።"

ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ባሌ በዚያ በኩል ቆሞ ነበር። ሁለታችንም አልተነቃነቅንም።

"በይ አሁን ግቢና ቅመሽ" አሉ አማቴ። ገንፎ ከሚቀርብበት ቤት ሰው ሳይቀምስ አይሸኝም።

ሴትዮዋ ገባች፤ አንገቷን ደፍታ ጥቂት ጎረሰች። ስትወጣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እግዚአብሔር ይማርሽ" አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባኝን ምርቃት ተመረቅኩ። ቆማ ጠበቀች። አፌን አልከፈትኩም። ጠበቀች፤ እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዝም አልኩ። አማቴ ናቸው ከወዲያ ሆነው ስለ እኔ "አሜን" ያሉት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አማቴም ዐርፈዋል። ያቺ ሴት ዛሬም ገበያ ትመጣለች። እንደ እኔው አርጅታለች። ስታየኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ሰላምታዋን እመልሳለሁ። አሜኑን ግን እስካሁን አልሰጠኋትም።