ሁሉም ሰው ስልሳ አምስት ኪሎ ነው

ሥራ የጀመርኩ ቀን ትከሻዬ ላይ አራት ወርቃማ መስመር ነበረ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከእናቴ ምግብ ቤት አጠገብ ያለውን ልብስ ሰፊ "ሁለት መስመር ስፋልኝ" ስለው፣ "ሁለት ምን ያደርግልሻል? ለአንቺማ አራት ነው!" ብሎ በነጻ ጨመረልኝ። ሁለቱ የረዳት አብራሪ፣ አራቱ የካፒቴን መሆኑን ላስረዳው ስል ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ ሞልቶ ሊነሳ ሆነ። ሮጬ ተሳፈርኩ።

ትንሹ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ካፒቴን ኦቲየኖ የአውሮፕላን መጠለያው ሃንጋር በር ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። የድርጅቱ ዋና አብራሪ፣ የእኔም አለቃ ናቸው። ትከሻዬን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቆጠሩ።

"እንደምን አደርሽ ካፒቴን" አሉኝ በእንግሊዝኛ። "እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ካፒቴኑ እኔ ነኝ እያልኩ ይሄን ሁሉ ዓመት ተሸውጄ ኖሬያለሁ።"

በሸሚዜ ላይ የሚያንጸባርቅ ብርቱካንማ ሰደርያ አስለበሱኝና ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ እህል በረንዳ እንደምናየው ያለ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፊ ሚዛን ነበር። "ኮክፒትሽ ይሄ ነው" አሉና ሄዱ።

ቦርሳዬ ውስጥ የንግድ በረራ ፈቃዴ አለ። ለእሱ እናቴ ስንት ሺህ ሰሃን እንዳጠበች እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። ፈቃድ ማግኘትና ወንበር ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። ናይሮቢ ውስጥ ፈቃዱን ይዞ ወንበር የሚጠብቅ ወጣት ብዙ ነው። ካፒቴን ኦቲየኖ የሰጡኝ ተስፋ አጭር ነበር፦ ስድስት ወር ሚዛን ላይ ትሠሪያለሽ፣ ሳትሳሳቺ ከጨረስሽ የረዳት አብራሪው የቀኝ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። የምንሠራባት አውሮፕላን አንድ ሞተር አላት፣ ዘጠኝ መንገደኛ ትጭናለች፣ በአንድ አብራሪም ትበራለች። የቀኙ ወንበር ለጀማሪ እንደ ምርቃት የሚሰጥ ነው። እኔ ግን ሌላ ምንም አልተመኘሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። መንገደኛው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ በቀይ መብራት ይታያል፣ እጽፋለሁ። ሻንጣውም እንደዚያው። ከዚያ ነዳጁን ደምሬ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ አስልቼ፣ ሎድ ሺት የምንለውን የጭነት ወረቀት እፈርማለሁ። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ የምትነሳ አውሮፕላን እዚህ በዚያው ጭነት ላትነሳ ትችላለች። ካፒቴኑ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ነው ያስተማሩኝ፦ "አትጠይቂ፣ መዝኚ።"

ከቱሪስቶቹ ጋር ችግር አልነበረብኝም። ጫማቸውን አውልቀው ይወጣሉ፣ ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ይስቃሉ። ጣጣው የመጣው ከወገኖቼ ጋር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሞያሌ የምንበረው በረራ አለ፤ ኢስትሊ ያሉ ነጋዴዎቻችን ይወዱታል። ሚዛኑ ላይ ያለሁት የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ምሕረት መሆኔ በተሰማ በሳምንቱ፣ ሚዛኑ የመሳሳሚያ ቦታ ሆነ።

መጀመሪያ የፈተኑኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው፤ ኢስትሊ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሚዛኑ ላይ ወጡ፣ ሰባ አንድ አለ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ሰባ አንድ? እኔ? ከሳሁ ማለት ነው?"

"ኧረ ደህና ነው ጋሼ።"

"ሞያሌ ያሉት ዘመዶቼ ቢሰሙ ከሰረ ይሉኛል። ሰማንያ በይው እንጂ የኔ ልጅ!"

ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ በልጅነቴ ከረሜላ የሚሰጡኝ ሰው ናቸው።

ሴቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ነበሩ። ሚዛኑን አይተው እንደ እባብ ይሸሹታል። "ስልሳ አምስት ነኝ፣ ጻፊ" ይሉኛል። ቀጭኗም ስልሳ አምስት፣ ወፍራሟም ስልሳ አምስት። ማን ነግሯቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእናቴን እኩዮች "ውጡ፣ ልመዝናችሁ" ማለት አፌ ላይ እሺ አላለኝም። ይሉኝታ ያዘኝ። ለጋሽ ሁሴን የጨመርኩትን ከእነሱ ስቀንስ ተደማምሮ ያው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሂሳብ ዘጠና አራት ያመጣሁ ልጅ እንዲህ አሰብኩ።

ስድስተኛው ወር ሊሞላ ሲል የእናቴ ማኅበርተኞች ሞያሌ ለሚደገስ ሠርግ አውሮፕላኗን ሙሉዋን ተከራዩ። ዘጠኝ ሴቶች፣ እናቴ አንዷ። ካፒቴኑም "ያን ቀን የቀኝ ወንበር የአንቺ ነው" አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ናት ይዛን የምትሄደው" ብላ አስነገረች። ቀኝ ወንበር የሚባል ነገር እንዳለ ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

በዕለቱ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ሁለት መስመሬን አድርጌ ሃንጋሩ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሴቶቹ ከመኪና ሲወርዱ ነገሩ ገባኝ። ሻንጣ በኪሎ የተወሰነ ስለሆነ ልብሱን ለብሰውት መጥተዋል። ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ በዚያ ላይ ነጠላ፣ በዚያ ላይ ኩታ። ከወገባቸው መታጠፍ አይችሉም። የማኅበሩ ሙሴ እትዬ አስናቀች ትልቅ ብረት ድስት አቅፈዋል።

ሂሳቡን ሠራሁ። ለሰውና ለሻንጣ የተፈቀደልኝ ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። ሻንጣው ከነድስቱ መቶ አስራ አምስት። ዘጠኝ ሴቶች እያንዳንዳቸው ስልሳ አምስት ሲባሉ አምስት መቶ ሰማንያ አምስት። ለእኔ የቀረኝ በትክክል ሃምሳ ኪሎ ነው። እኔ ሃምሳ ኪሎ የነበርኩት ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ነው። የሴቶቹ እውነተኛ ኪሎ ቢጻፍ መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነኝ።

"ምሕረት፦ ሃምሳ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አዩት። "ዘጠኙም ስልሳ አምስት? መንታ ናቸው?"

"ያው... እኩዮች ናቸው ሰር።"

"መዝነሻቸዋል?"

"አዎ" አልኩ። ስጽፈው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ሴቶቹ መሳፈር ጀመሩ። የመንገደኛው በር ከኋላ ነው። ሰው ተሳፍሮ እስኪያልቅ ከአውሮፕላኗ ጅራት ሥር የሚቆም የብረት ድጋፍ አለ፤ ማድረጉ የእኔ ሥራ ነበር፣ ስስሳም ረሳሁት። ድጋፉ ኖሮ ቢሆን ውሸቴ መሬት ላይ ሳለን አይታወቅም ነበር፣ አንዱ ጥፋቴ ሌላውን አጋለጠው። ሴቶቹ ገብተው በየቦታቸው በመቀመጥ ፈንታ ኋላ ተሰብስበው "አንቺ ቅደሚ"፣ "ኧረ በሞቴ አንቺ" እየተባባሉ ቆሙ። ስምንተኛዋ ስትገባ የአውሮፕላኗ ጅራት ቀስ ብሎ ወረደ። የፊት ጎማዋ ከመሬት ለቀቀ። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ዞረ።

ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። "ተነሣ! ተነሣ!" ይላሉ። እናቴ በመስኮት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ አበረረችን!" ስትል ሰማኋት። እኔ ውጪ፣ ክንፉ ሥር ቆሜያለሁ።

ካፒቴን ኦቲየኖ ሻያቸውን ፉት አሉ። "ሞተሩን ገና አላስነሣሁትም" አሉ።

መካኒኮቹ አፍንጫዋን ይዘው አወረዷት፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ካፒቴኑ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ሰጡኝ። "ዛሬ አትበሪም" አሉ። "ስለ ሥራሽ ስመለስ እናወራለን። አሁን ሰዎቹን መዝኚ፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢ።"

እንባዬን ውጬ ጀመርኩ። እትዬ አስናቀች ሰባ ዘጠኝ። ቀጥሎ ሰባ ስድስት። ቀጥሎ ሰባ አራት። አንዷ ስልሳ ሁለት ሆኑና ተቀየሙኝ፤ "ስልሳ አምስት ነበርኩ እኮ፣ ምን ነካኝ?" እያሉ ሁለቴ ወጡበት። ስምንቱ ተደምረው አምስት መቶ ሰባ መጡ። እኔ ቀርቻለሁና ሂሳቡ ተቃለለ፦ ለመጨረሻዋ መንገደኛ የተረፈው ልክ ስልሳ አምስት ኪሎ ነው። የመጨረሻዋ መንገደኛ እናቴ ናት።

እናቴ ወደ ሚዛኑ አልቀረበችም። "ታዲያ ሞላልሽ አይደል? ስልሳ አምስት ነኝ፣ ጻፊ።"

"እማ፣ ውጪበት።"

"እኔን? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"እማ፣ ፕሊስ። ካፒቴኑ እያዩ ነው።"

"ይዩዋ! ዘጠኝ ወር ስሸከምሽ አንድ ቀን ኪሎሽን ጠይቄሽ ነበር?"

ማኅበርተኞቹ አጨበጨቡ። ካፒቴኑ ተርጉሚልኝ አሉ፣ ተረጎምኩ። ሳይስቁ "ትክክል ናቸው" አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

ያን ጊዜ ሁለቱም እጄ ላይ ነበሩ፦ የእናቴ ክብርና የእኔ ወንበር። ስልሳ አምስት ብዬ ልጽፍ ብእሬን አነሣሁ። ከዚያ አውሮፕላኗ ከመሬት መነሣት አቅቷት ከማኮብኮቢያው ጫፍ ስታልፍ፣ እናቴ ውስጧ ሆና ታየችኝ። ብእሬን መለስኩ።

"እማዬ፣ የምትበሪው አንቺ ነሽ" አልኳት። "ውጪ።"

ዓይኔን አየችኝ። ትከሻዬን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች። ጫማዋን ያዝኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወጣች።

"ዘጠና አንድ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ጮክ በይ" አሉ ካፒቴኑ።

"ዘጠና አንድ!"

ከተፈቀደው በሃያ ስድስት ኪሎ በለጠ። "እኔ ልቅር፣ ድስቱ ይሂድ" አለች እናቴ። "ሠርጉ ያለ እኔ ይሆናል፣ ያለ ድስት አይሆንም።" ሙሽራዋን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት።

"ኧረ እኛ ቆመን!" አሉ እትዬ አስናቀች። ሌሎቹን ወደ ሃንጋሩ ዕቃ ቤት ነድተው አስገቧቸውና ራሳቸውም ገብተው በሩን ዘጉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የወጡት ሌሎች ሰዎች ነው የሚመስሉት። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀሚስ ብቻ ቀርቷቸዋል። ከአንዷ ጉያ ሁለት ኪሎ በርበሬ ወጣ። ከሌላዋ መቀነት ሥር፣ አልጨምርም፣ የሁለት መስኮት መጋረጃ። ክምሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃያ ሰባት ኪሎ ሆነ። ለሁሉም ቦታቸውን አሳይቼ አስቀመጥኳቸው። እናቴን ከፊት አደረግኋት፤ ቀበቶዋን ሳስርላት ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

አውሮፕላኗ ተንደርድራ በቀላሉ ተነሣች፣ አጠገባችን ካለው የዱር አራዊት ፓርክ በላይ ዞራ ወደ ሰሜን ሄደች። እኔ ከልብስ ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በንዴትም፣ በእፍረትም። ከሁሉም በላይ ግን ፈርቼ ነበር፤ ምን ልፈርም እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። በመሃል የእናቴን ቀሚስ ለብቻው መዘንኩት። ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ሰማንያ ሰባት ተኩል መሆኑን እዚህ እጽፋለሁ፣ ትታረቀኝ እንደሆነ።

ካፒቴኑ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሥራዬን ልለቅ ሰደርያዬን አጣጥፌ ይዤ ነበር። አዲሱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ኪሳቸው ከተቱት።

"እናትሽን መዝነሻል" አሉ። "ሦስት ወር ጨምሪና ከዚያ ትበሪያለሽ። መጀመሪያ ግን አንቺ ውጪበት።"

ወጣሁ። ሃምሳ ስምንት።

እናቴ ከሠርጉ ተመልሳ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ "ብዪ" አትለኝም። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ ደንበኛ ትንሽ አውሮፕላን እንደሚፈራ ሲያወራ ከጓዳ ሰማኋት። "የኔ ልጅ ያለችበት ከሆነ ሂድ፣ አትፍራ" አለችው። "እናቷን በሰው ፊት ዘጠና አንድ ኪሎ ያለች ልጅ ለአንተ አታዝንልህም።" ወጥቼ አቀፍኳት። "ልቀቂኝ፣ ወጡ ያርርብኛል" አለችኝ።

ሦስቱ ወር ሞልቶ የቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ የግራው፣ የካፒቴኑ ወንበር ላይ ነኝ። አራቱን መስመር የሰፋልኝ ያው ልብስ ሰፊ ነው፤ "ያኔ አላልኩሽም?" አለኝ። አዲስ ጀማሪዎች ሲመጡልኝ ሰደርያውን አስለብሼ ወደ ሚዛኑ እወስዳቸዋለሁ። የምለውም ይኸው ነው፦ አትጠይቁ፣ መዝኑ። እናታችሁ ከሆነች ጫማዋን ያዙላት፣ ግን መዝኑ።