ክርስቲ ማለት

የእህቴ ልጅ ሴት ልጅ ወለደችና ክርስቲ አለቻት። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ አባቴና እኔ ላንቻ ከተከራየን ወዲህ የተወለደችልን የመጀመሪያዋ ሕፃን ናት። ቅድመ አያቷ አባቴ ግን ስሟን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም፤ «ልጅቱ» ነው የሚሏት። ክርስትናዋ ሲቃረብ ደግሞ «ጉልበቴን ያመኛል፤ አልሄድም» አሉ። በየማለዳው መስቀል አደባባይ ድረስ በእግራቸው የሚመላለሱ ሰው!

የእህቴ ልጅ ደወለች። «እትዬ፣ መጽሐፍ የምታነቢው አንቺ አይደለሽ? ትርጉሙን ንገሪያቸውና ይምጡልኝ። እሳቸው ካልመረቋት እኮ በቃ፣ ክርስትና አይመስለኝም።»

የማታ ትምህርት የጀመርኩት ፀጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው፤ ቃል ሳላጣራ አልናገርም። ክርስቲ ከክርስቶስ የወጡ ስሞች ማቆላመጫ ነው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችም እግራቸው ላይ ያሰሯቸውን ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን አድርገው የሚታጠፉበትን ስልት ክርስቲ ይሉታል። ይኼኛው የኖርዌይ ዋና ከተማ የድሮ ስም ሲያጥር ነው፤ ከተማዋ የተሰየመችው በንጉሥ ስም፣ የንጉሡም ስም መነሻው ያው ክርስቶስ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «የበረዶውን ዝለይው» አለችኝ። አልዘለልኩትም፤ ግማሽ ትርጉም አልወድም።

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ።

«ጣውላ አስረው ቁልቁል ይወርዳሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ወደው?»

«ወደው። ከፍለው ጭምር።»

ሳቁ። እፎይ አልኩ፤ ለካ ቸኩያለሁ።

«ጥሩ ስም ነው» አሉ። «መጥፎ ነው ያልኩት መቼ ነው? ላንቺ ስም ያወጣልሽ አያትሽ ነው። ለልጅቱ እናት እኔ ነኝ ያወጣሁላት። የዚችን ግን አራስ ልንጠይቅ የሄድን ዕለት ኬክ ላይ ተጽፎ አየሁት።»

ትርጉም ፍለጋ ስዳክር፣ ሰውየው የጠበቁት መጠየቅን ብቻ ነበር። ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ መጣች። ልጅቱን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «አባባ፣ አጥፍቻለሁ። ስም ያውጡልኝ።» ክርስቲን ለመተው ቆርጣ እንደመጣች ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

አባቴ ሕፃኗን ብዙ አዩዋት።

«ክርስቲ፣» አሉ ቀስ ብለው። «እናንተ እንደዚህ ጥሯት። እኔም የኔን አወጣላታለሁ፤ ለልጅ ስም አይበዛም።»

«ማን ይሏታል?»

«ስም በጥድፊያ ይወጣል እንዴ? ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እነግራችኋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ነጠላዬን እጠቢልኝ እንጂ፤ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»