የአባቴ መኪና ኳኳታ

አባቴ ከሞተ ወዲህ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት ቀይ ስፖርት መኪና ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በግትርነት ግን እኩል ነን። ገርጂ፣ ሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን ላይ ስትደርስ የፊት ግራ እግሯ «ቋ፣ ቋ» ይላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ኤርፖርት የጭነት ተሽከርካሪ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነበር። የራሱን መኪና ኳኳታ ግን እስኪሞት አልነካውም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ ይስቃል።

መኪናዋን ይዤ ሥራ በዋልኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ስመለስ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለሁ የግቢው በር ተከፈተ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ፊቷ በርቷል። ከመኪናዋ ስወርድ ያ ፊት እንዴት እንደጠፋ እስካሁን አልረሳውም።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አእምሮዋ ጤነኛ ነው። ቀብሩ ላይ ቆማ አልቅሳለች፣ ተዝካሩን አውጥታለች። «አውቃለሁ እኮ፤ ድምፁን ስሰማ እግሬ ራሱ ይነሳል» አለችኝ በማግስቱ፣ እንዳፈረች ሁሉ። ግን በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። በየቀኑ አባቴን አመጣላትና በር ላይ መልሼ እነጥቃታለሁ። ሰውነቷ ከሳ፣ እህል አስጠላት። ይህ ድምፅ ካልጠፋ እናቴም አትተርፍልኝም ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ የኋላ ኮፈኑን ሳጸዳ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። አዲስ ጎሚኒዎች ናቸው፤ እግሯ ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገቡት ትንንሽ ጎማዎች። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል። ዳር ላይ በእርሳስ «ግራ» ተብሎ ተጽፏል፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ። ገዝቶ፣ ጠቅልሎ፣ ጽፎበት፣ ሳይገጥመው ሞተ። ያልጨረሰውን እኔ ልጨርስለት ብዬ ያኔውኑ መኪናዋን አስነሳሁ።

ጎሮ አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ። መኪናዋን የጋራዡ ጉድጓድ ላይ አቁሞ በክሪክ አነሳትና እግሯን ፈታታው። አሮጌው ጎማ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለ። ሞርሳ ላይ አስሮ ገፋው፣ በመዶሻ ደበደበው፤ እምቢ።

«ይቺስ ጌታዋን ለምዳለች» አለና እሳት ለቀቀበት።

ጥቁር ጭስ ጉሮሮዬን ያዘው። በዚያች ቅጽበት ልቤ ተይ፣ አስቁሚው አለኝ። አልሰማሁትም። አዲሱን በሳሙና ውኃ አለስልሶ አስገባው። የመጨረሻዋን ብሎን እኔ ካላጠበቅኩ ብዬ ቁልፉን ነጠቅኩት።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ ልጄ» አለኝ። «ተንጠልጥላ ሳለች ካጠበቅሽው፣ ስትወርድ ጎማው ይጠመዘዝና ይቀደዳል። መጀመሪያ በእግሯ ትቁም፤ ሸክሟን ትያዝ።»

አወረዳት። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ብሎኗን በገዛ እጄ አጠበቅኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ኮብልስቶኑ ላይ ጆሮዬ ያንን ድምፅ ጠበቀ። የለም። መኪናዋ ጸጥ ብላ ሄደች። እኔን ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፤ አባቴ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አብሮኝ ሲሄድ ኖሮ፣ አሁን የሆነ ቦታ ላይ የወረደ መሰለኝ።

በሩ ዝግ ነው። ወርጄ አንኳኳሁ። እናቴ ከፈተችና እኔን አይታ፣ ከኋላዬ መኪናዋን አየች።

«በእሷ ነው የመጣሽው? ምነው አልሰማሁም?»

«ድምፁን አጠፋሁልሽ፣ እማዬ። አባዬ ገዝቶ ያስቀመጠውን ጎማ አገኘሁና አስገጠምኩት።»

የበሩን ብረት ያዝ አደረገች።

«እሱንማ እኔ ነኝ አባትሽን ተዉት ያልኳቸው» አለች። «ሊገጥሙት ክሪክ ሁሉ አውጥተው ነበር። ከመታጠፊያው ጀምሮ እሰማዎታለሁ፣ ልቤ ያርፋል፣ ይተዉልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ ጠቅልለው አስቀመጡት።» መኪናዋን ደግማ አየችና «አሮጌው የት አለ?» አለችኝ።

«ተቃጠለ።»

«ይሁን» አለች። ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞም እንዲሁ፤ ጎረቤቶች ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ እዚያው እንደምትሆን ነገሩኝ። በመጨረሻ ተቆጣኋት። ሌባ ይገባል፣ ብርድ ይመታሻል፣ ምናለ ዘግተሽው ብትገቢ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

«አባትሽ አሁን እኮ ድምፅ የላቸውም» አለችኝ። «ቢመጡ በምን አውቃለሁ?»