ያልተቀመሰ ዲስክ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ብቸና በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ እሠራ ነበር። ፕሮጀክቱ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንዱ እኔ ዘንድ ብቸና፣ ሌላው ሞጣ። ሁለቱም በጄኔሬተር የሚሠሩ፣ ናፍጣ ሲጠፋ ጨርቅ ለብሰው የሚከርሙ ነበሩ። የሞጣውን የምትይዘው ባልደረባዬ የጠላ ሻጭ ልጅ ናት። ሥራውን ከእኔ አብልጣ ታውቃለች፤ ያኔ ግን ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም ነበር።

አዲስ አበባ ለሥልጠና የተላክሁት እኔ ነኝ። አሠልጣኙ ስለ ቫይረስ ነገረን፤ ተንኮለኛ ሰው የጻፈው፣ ከዲስክ ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ዲስክ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው አለ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዲስክ ሳይመረመር እንዳይገባ አስጠንቅቆ መመርመሪያ ፕሮግራም በአንዲት ዲስክ ገልብጦ ሰጠኝ። ተመልሼ ሳስረዳት እሷን ብዙም አልገረማት። እናቷ ለእንግዳ ጠላ ስታቀርብ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀድማ እንደምትቀምስ ነገረችኝና፣ እንግዲህ ቀማሹ አንተ ነህ አለችኝ። መመርመሪያው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበርና፣ ዲስክ በላክሁ ቁጥር በቢሮው ስልክ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቀምሰኸዋል?»

ከሥልጠናው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታም በድብቅ ይዤ መጥቼ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ የዘር ድልድሉን የያዘ ዲስክ ለሞጣ አዘጋጀሁ። የመላኪያው ቀን የቢሮው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል፣ የሳምንቱን ናፍጣ ደግሞ በጨዋታ ጨርሼዋለሁ። ሳልመረምረው በፖስታ አሽጌ ላክሁት። በማግስቱ ደውላ ስትጠይቀኝ አዎ አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ የሞጣው ማሽን የያዘውን ሁሉ አጠፋ። ለየገበሬ ማኅበሩ የትኛው ዘር እንደሚስማማ ሁለት ዓመት የለቀመችው ዝርዝር ድራሹ ጠፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ግን ማሽን አለን ብለን ወረቀቱን ንቀን ትተነው ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ዘሩ መጋዘን ውስጥ ቀረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለው ነገር የሚሰጠው ስም አሻጥር ነው። አሰሯት።

እኔ ወሬውን እንደሰማሁ ዲስኮቼን መረመርሁ። ቫይረሱ ከጨዋታው ዲስክ ጀምሮ ሁሉም ላይ ነበር። ሌሎቹን አጸዳሁና ጨዋታውን እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ብዙም ሳይቆይ አጣሪ ኮሚቴው፣ ባለሙያ ነህ ብሎ ሞጣ ጠራኝ። ጥፋቱ የማሽን ነው የሰው ሲሉኝ፣ ያልተመረመረ ዲስክ ሳታስገባ አልቀረችም አልሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ዲስክ የሚልክልኝ እሱ ነው፣ ቀምሼዋለሁ ብሎኛል ማለት ትችል ነበር። አላለችም። አምናኝ ስለነበር የራሷን ስህተት ትፈልግ ነበር። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ከአርባ ቀን በኋላ ተፈታች፣ ከሥራዋ ግን ተባረረች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት ለእኔ አልሠራልኝም፤ እያደር ከበደኝ። በጥር ለሥራ ሞጣ ስሄድ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ እናቷ ጠላ ቤት ገባሁ። የቀዳችልኝ እሷው ናት። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እንቅልፍ ነስቶኝ ነው እንጂ አንተን ተጠራጥሬ አይደለም። ያችን የመጨረሻዋን ዲስክ ቀምሰሃት ነበር?»

የመጣሁት ለዚሁ ነበር።

«ቀምሻታለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው የእኔው ጥፋት ነው» አለችና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ሌላው እንግዳ ሄደች።