«እሺ» ብቻ የቀረለት አትክልት ሻጭ

ጎርናናው አትክልት ሻጭ ሲጣራ ሦስት መንገድ ተሻግራ ያለችው ሴት ሳትቀር ዘንቢሏን ታነሳ ነበር። «ሽንኩርት! ቲማቲም! ለጋ ካሮት!» እያለ በዜማ ጋሪውን ሲገፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስትሮክ ጣለው። እግሩ ቶሎ ተመለሰለት። አንደበቱ ግን ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል አላወጣ አለ።

ሻይ ትፈልጋለህ? እሺ። በቃህ? እሺ። አማቱ ለቀልድ፣ አዝለህ ገበያ ትወስደኛለህ ብትለው፣ እሺ። ተሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሌላ ቃል የሌለውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? የበኩር ልጁ፣ ጋሪው ቆሞ ከሚዝግ ልሽጠው ወይ አለው። እሺ። ልጅ ሆዬ ገዢ ፍለጋ ወጣ። የአባትየው ዓይን እንባ ማቅረሩን ያየች ሚስቱ ብቻ ናት። ጎረቤትማ «አልቆለታል» ይላል፣ እዚያው ፊቱ። ጆሮው መች ታመመና!

አንድ ቀን ሌላ አትክልት ሻጭ በደጃፉ እየጮኸ ሲያልፍ፣ ጎርናናው ከአልጋው ቀና ብሎ «ሽንኩርት! ቲማቲም! ለጋ ካሮት!» አለ፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ሚስቱ እጇ ሳሙና እንደያዘ ሮጠች። የክሊኒኳ ነርስ ግን አልገረማትም። የተጎዳው ንግግር የሚያልፍበት የአንጎሉ ወገን ነው፣ ዜማ በሌላም በኩል ያልፋል፤ ደጋግመሽ አሠሪው፣ መንገድ ይወጣለታል አለቻት።

ሚስቱም ከጥሪው «ሽንኩርት» የሚለውን አውጥታ «ውሃ» የሚለውን አስገባች፤ ዜማው ያው፣ ጉልበቱን በእጁ እያስመታች። መጀመሪያ ውሃ ሲጠማው ካሮት ይላል። እልኸኛ ናት፣ ካሮት ሰጠችው። በላ። በማግስቱ ውሃ አለ። ያረጀ አንጎል አይማርም የምትሉ ሰነፎች፣ መንገድ የሚወጣው በመረገጥ ነው። ረግጣችሁ ታውቃላችሁ?

ገዢው መጣ። ጎማውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ፣ ባለቤቱ ተስማምተዋል ወይ ሲል ጠየቀ።

«አባዬ፣ ተስማምተሃል አይደል?» አለ ልጁ።

«እሺ።»

ጎርናናውን ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ልትናገርለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በሩን ተደግፋ ጭኗን መታ መታ አደረገች። እሱም ጉልበቱን መታ፣ መታ፤

«ጋሪዬ! አይሸጥም! ዛሬም ነገም!»

ሦስት መንገድ ተሻግራ ያለችው ሴት ዘንቢሏን ይዛ ወጣች።