የአባቴ ኬክ ቀማሽ

ኬክ ሲቀርብልኝ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የማየው ኬኩን አይደለም፤ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ ነው። ይህን ያስለመደኝ አባቴ ነው። እኔ ስጎርስ እሱ አፌን ያያል፣ እኔ ደግሞ እጁን አያለሁ። ጣቶቹ ወደ ሳህኑ ትንሽ ጠጋ ካሉ ልቤ ድንግጥ ይላል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ ከሾላ እስከ ኦሎምፒያ ያሉትን ኬክ ቤቶች በእግሬ ያዳረስኳቸው እንዲህ እየፈራሁ ነው።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። ዕድሜውን በደሴ መስመር የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል፤ እናቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ስኳር እንዳለበት የታወቀው መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው። ሐኪሙ ክኒን ሰጠው፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር በአፉ እንዳይዞር ከለከለው፣ በየቀኑም በእግሩ እንዲሄድ አዘዘው። የአባቴ እግር ከፍሬንና ከነዳጅ መስጫ በቀር ሌላ ነገር ረግጦ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። በቤቱ ውስጥ ሥራ ፈት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አብሬው እንድሄድ ተፈረደብኝ።

"ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳታነሺ" አለችኝ እናቴ። "ይሄ ሰውዬ ጣፋጭ ካየ ሕፃን ነው።"

የእናቴ ፍርሃት ይጋባል። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት በዚሁ በሽታ እግራቸው ተቆርጦ ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል፤ ነገሩ የጀመረው ጫማ ከላጣት ትንሽ ቁስል ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት የአባቴ ጫማ ውስጥ እጄን ከትቼ ጠጠር እፈልጋለሁ። ስንመለስ ካልሲውን ገልብጬ ደም እፈልጋለሁ። ውሃ ሲያበዛ እፈራለሁ፣ ሲያዛጋ እፈራለሁ፣ ሽንት ቤት ከቆየ በሩ ላይ ቆሜ እስልለታለሁ፤ እሱም ከውስጥ መልሶ ይስልልኛል። ስለ በሽታው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስኳር ይነሳል፣ ሲነሳም ሰው ይጥላል፤ የሚያስነሳው ደግሞ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ያለፈ እኔም፣ እናቴም፣ ሰፈሩም አያውቅም።

ኬክ ቤት የመሄዱን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መገናኛ ደርሰን ስንመለስ መንገድ ዳር ቆም አለና፣ "እንዲሁ ደርሶ መመለስ እኔ አልችልም" አለኝ። "ሾፌር ነኝ፤ መድረሻ ያስፈልገኛል። ኬክ ቤት እንሂድ።"

"አባዬ! ኬክ ቤት ምን ልታደርግ?"

"እኔ ምን አደርጋለሁ? አንቺ ትበያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ።"

ድሮ አንድ ከተማ ሲገባ ከአልጋ በፊት የሚጠይቀው ኬክ ቤት ነበር። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ የትኛው ቤት ኬክ በስንት ሰዓት ትኩሱ እንደሚወጣ በቃሉ ያውቃል። ይህን እያወቅሁ እምቢ ማለት አቃተኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ኬኩን የምበላው እኔ ነበርኩ።

ውላችን እንዲህ ሆነ፦ እሱ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ እኔ ኬኬን በልቼ እነግረዋለሁ። "ይጣፍጣል" ካልኩ ይቆጣል። "ስኳር የገባበት ሁሉ ይጣፍጣል፤ አንቺ መንገዱን ንገሪኝ!" ይለኛል። ስለዚህ በሾፌር ቋንቋ መናገር ተማርኩ። ክሬሙ ሳይጎረብጥ የሚወርድ ከሆነ አስፋልት ነው። ያልሟሟ ስኳር ጥርስ ስር ከተንቋቋ ኮረኮንች ነው። ደርቆ ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የጣርማ በር ዳገት ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ካልሆነ አይታለፍም። እሱ በቁም ነገር ያዳምጠኛል፣ አንዳንዴም ይከራከረኛል፣ በአፉ ያላለፈውን ኬክ።

ሾላ ገበያ ጥግ ያለችው ቤት ቅመም ወፍጮ አጠገብ ስለሆነች ኬኳ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ይህን ስነግረው "በይ የእናትሽን ኬክ በላሽ" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። መገናኛ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው የሚሸጠው ቦምቦሊኖ የተጠቀለለበትን ወረቀት በዘይት አርሶ እጄ ላይ ይቀራል፤ ኮረኮንች ብቻ ሳይሆን ጭቃም ነበረው። ሃያ ሁለት አካባቢ ሮዝ ክሬም የሚሠሩ ነበሩ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ሲቀመስ ግን ማርጋሪን ነው። ቦሌ መንገድ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። መስታወቱ ያበራል፣ አስተናጋጆቹ ይሽቀረቀራሉ፣ እኛ አቧራ የጠጣ ጫማችንን ወንበር ስር እንደብቃለን። እዚያ ሚሌፎሊ የሚባለውን ንብብር ኬክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስበላ "አስፋልት ነው አባዬ፣ ያውም ዛሬ የፈሰሰ" አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ምራቁን ሲውጥ አየሁት፤ አሳዘነኝ፣ ከማሳዘኑም በላይ አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአፍታም ላምነው አልቻልኩም። አንድ ቀን እጄን ታጥቤ ስመለስ የተውኩት ፍርፋሪ የቀነሰ መሰለኝ። ጠየቅሁት። "ዝንብ ነው" አለኝ፣ ፈገግ ሳይል። ቤት እስክንደርስ አላነጋገርኩትም፤ ማታ ሲተኛ ትንፋሹን ስሰማ ቆየሁ።

ሐኪም ቤት የሚታይበት ቀን ነገ ሊሆን ዛሬ፣ አባቴ በጠዋት ተነስቶ "ስኳሩን አስርበዋለሁ" አለ። ቁርስ አልነካም። ክኒኑን ግን እንደ ታዘዘው ዋጠ። ምሳ ሲቀርብም "ነገ ሐኪሙ ተደንቆ ይሸልመኛል" ብሎ ሳህኑን ገፋው። እናቴ ገበያ ነበረች። እኔ ደስ አለኝ፤ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከየት ይነሳል ብዬ። ያን ቀን እንደ ወትሮው ሃያ ሁለት ላይ አላቆመም፤ ቦሌ መድኃኔዓለምን አልፈን ቀጥ ብለን ቦሌ መንገድ ወጣን፣ ከዚያም ወደ ኦሎምፒያ አቅጣጫ አዲስ ተከፈተ ወደተባለ ቤት። "ይሄንንም በመንገድ አቃጥለዋለሁ" ይላል፣ ይራመዳል።

መንገድ ላይ ዝም ማለት ሲጀምር ደክሞት ነው አልኩ። ፀሐዩ በርዶ ሳለ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አንዲት ሴት ስትጋፋው ዞሮ ተሳደበ፤ አባቴ በሰው ላይ ሲሳደብ ሰምቼ አላውቅም። ኬክ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቆመና ወደ እኔ ሳያይ፣ "ኮምቦልቻ ደረስን?" አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አልነበረም። እጁን ይዤ አስገባሁት፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ሁልጊዜ የምናደርገውን አደረግሁ፤ ሻይና ክሬም ኬክ አዘዝኩ። ሻዩ ሲመጣ ብርጭቆውን አነሳው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"አባባ ጠጥተው ነው እንዴ?" አለ አስተናጋጁ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው፣ የሶላት ኮፍያውን እንደ ደፋ። ልመልስለት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ምላሱ ተሳስሮ፣ "ስኳር" አለ። "ስኳር… ስኳር…"

እኔ የሰማሁት የበሽታውን ስም ነው። "ስኳር አለበት!" ብዬ ጮህኩ። "ስኳሩ ተነስቶበት ነው!"

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁሉም ሊረዳን ፈለገ፣ ሁሉም የሚያውቀው ደግሞ እኔ የማውቀውን ነበር። "ውይ፣ ስኳር አለባቸው! ጣፋጭ እንዳታስጠጓቸው!" አሉ ጥቁር ሹራብ የለበሱ አንዲት ሴትዮ፤ የስኳሩን ዕቃ ከጠረጴዛችን አንስተው ባንኮኒው ላይ ወስደው አስቀመጡት። ሌላው ውሃ አመጣ። አስተናጋጁ ታክሲ ሊጠራ ሮጠ። አባቴ አሁንም "ስኳር" ይላል፤ ሰዉ "አዎ አባባ፣ አይዞዎት፣ ገብቶናል" ይለዋል።

እጁ ወደ ኬኬ ሄደ። ያዝኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጄን አስለቅቆ ይቆጣኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ክንዱ ውስጥ አቅም የሚባል አልነበረም። "በልተሃል አይደል? ደብቀህ በልተሃል!" አልኩት፣ በሰው ፊት፣ እያለቀስኩ። ዓይኑ ክሬሙ ላይ ቆየ፣ ከዚያ ክሬሙንም ማየት ተወ። የያዝኩት እጅ ከበደኝ።

አባቴ ሊሞት ነው። ይህን ያወቅሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው። ሽንቴ ልብሴ ላይ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ታክሲው አልመጣም። ሳህኑ ላይ ያ ኬክ ሳይነካ ተቀምጧል። ስንት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ምራቁን ሲውጥ አስታወስኩ፤ ከሁሉም ይልቅ አንጀቴን የበላኝ ይህ ነው። ሊሄድ ከሆነስ? አሁን ብከለክለው ለምን ብዬ ነው? ሊሄድ ከሆነ አፉ ጣፍጦት ይሂድ አልኩ።

የእምነቱ ቃል ይቅደም ወይስ ኬኩ፣ አላወቅሁም። አያቴ ሲሞቱ ሰዎች ጆሯቸው ስር ሸሃዳ ሲያስይዟቸው አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ስር አልኩለት፣ ቀስ አድርጌ፣ ቃሉ እንዳይጠፋኝ እየፈራሁ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ሙሐመዱን ረሱሉላህ። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ ክሬሙን በጣቴ ጠርጌ በከንፈሩና በድዱ ላይ ቀባሁት። ዋጠ። ደገምኩለት። ሴትዮዋ "ልጅት፣ አባትሽን ልትገድይ ነው?" ብለው ክንዴን ጎተቱኝ። አለቀቅሁም። ሦስተኛውን ራሱ ከጣቴ ላይ ጠባው።

ላዳ ታክሲዋ መጥታ ተሸክመው ሲያስገቡት "እኔ መሄድ እችላለሁ" አለ። ሰዉ ደንግጦ ለቀቀው። መንገድ ላይ ላቡ ደረቀ፤ ክሊኒክ በር ላይ ስንደርስ ታክሲ ነጂውን "ማርሹን አትጎትተው፣ ይሰበርብሃል" ብሎ ገሠጸው። እኔ አሁንም የመጨረሻው ብርታት መስሎኝ፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ትንሽ ይሻለዋል ሲባል ስለሰማሁ፣ ይበልጥ ፈራሁ።

ሐኪሟ ጣቱን ወግታ ደሙን አየች። ምን እንደ በላ፣ ክኒን እንደ ዋጠ፣ ምን ያህል እንደ ሄደ ጠየቀችን። ከዚያ ስኳር ሲወርድም ሰው ይጥላል፣ እንዲያውም ቶሎ ይገድላል አለችን። ክኒን ውጦ ምንም ሳይበላ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ራስን መግደል ነው አለችው። "ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ጣፋጭ ነው የሚሰጠው። ማነው ያበላው?"

"ልጄ ናት" አለ አባቴ።

"ጎበዝ" አለችኝ።

ቤት ስንገባ ለእናቴ፣ ለጎረቤት፣ ለጠያቂው ሁሉ እንዲሁ አለ፤ ልጄ አዳነችኝ። እናቴ አልሐምዱሊላህ እያለች ጭንቅላቴን ሳመችኝ። የተመሰገንኩ ቁጥር ጣቴ ላይ የቀረው የክሬም ሽታ ይሸተኝ ነበር። እኔ አባቴን እየተሰናበትኩት ነው የነበረው።

ሰዉ ሲበተን፣ እናቴ ራት ልትሠራ ስትወጣ፣ አጠገቡ እንድቀመጥ መደቡን በእጁ መታ መታ አደረገ። ቀድማ አብልታዋለች፤ ፊቱ ተመልሶለታል።

"ጆሮዬ ስር ያልሽኝን ሰምቻለሁ" አለኝ።

እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

"አታልቅሺ። ምላሴ እምቢ አለኝ እንጂ በልቤ አብሬሽ እያልኩ ነበር። ከዚያ አፌ ጣፈጠኝ።" ፈገግ አለ። "ወላሂ ገባሁ ብዬ ነበር። ጀነት ገባሁ ብዬ። ዓይኔን ብገልጥ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ እዚያ ደግሞ ለቅሶ የለም። ያኔ ነው አዲስ አበባ መሆኔን ያወቅሁት።"

ስቆ አሳቀኝ። ሳቃችን ሲያበቃ እጄን ያዘኝና አለቀቀኝም። በልቶ ጠጥቶ ስኳሩ ልክ ገብቷል፤ ሐኪሟም በቃ ደህና ነው ብላለች። እጁ ግን እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።